የሌለውን ወፍ ማን ይቆጥራል?

በቅዱስ ቁርኣን ሱረቱ አን-ነምል ውስጥ ስለ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ከተነገረው ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የሰበእን ንግሥት፣ ዙፋኗንና የተላከላትን ደብዳቤ ነው። የንግሥቲቱ ታሪክ የሚከፈትበት ድርጊት ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ነቢዩ ወፎችን ይፈትሻሉ፤ ከመካከላቸውም ሁድሁድ እንደሌለ ይገነዘባሉ። ለዚህ ፍተሻ የተመረጠው የዐረብኛ ግስ ማጣትን ከሚገልጸው ቃል ጋር አንድ ሥር ያለው ነው (ድምፁ ለአማርኛው «ፈቀደ» ቢቀርብም በትርጉም አይገናኙም)። ያለውን የሚቃኙት የጎደለውን ለማወቅ ነው ማለት ነው። በሠራዊቱ ውስጥ የነበሩት ወፎች ስንት እንደሆኑ አልተነገረም፤ የተነገረው የጎደለው አንዱ ነው።

ያለውን በመደመርና የጎደለውን በመለየት መካከል ያለው ልዩነት ዛሬ በአቡ ዳቢና በአል ዐይን የአእዋፍ ቅኝት ለሚያካሂዱ ባለሙያዎችም ዋነኛ ጥያቄ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በቆዳ ስፋቷ ትንሽ ብትሆንም በምድሯ ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ የሚበዙት ነዋሪዎች ሳይሆኑ መንገደኞች ናቸው። ከማዕከላዊ እስያና ከሳይቤሪያ ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካም ወደዚያው በሚመላለሱበት መስመር ላይ የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የእረፍትና የስንቅ ጣቢያ ሆኖ ያገለግላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመውና ዛሬ የአቡ ዳቢ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተብሎ የሚታወቀው ተቋም እነዚህን ወፎች ሲከታተል ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእርሱም በፊት፣ ከ1977 ጀምሮ፣ የኤምሬትስ የተፈጥሮ ታሪክ ቡድን አባላት የነበሩ ፈቃደኞች በየሳምንቱ መጨረሻ መነጽር አንግበው ወደ ዳርቻውና ወደ ሸለቆው እየወጡ ያዩትን በማስታወሻ ደብተር ያሰፍሩ ነበር። ዛሬ ያለው ዕውቀት መሠረት የተጣለው በእነዚያ ደብተሮች ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ግን አንድ ልማድ ያደበዝዘዋል። የቆጠራ ውጤት ለሕዝብ ሲቀርብ ሁሉም ነገር በአንድ ትልቅ ድምር ይጠቀለላል፤ ይህን ያህል ሺህ ወፍ ታየ ተብሎ ይዘገባል፣ አንባቢም ደስ ብሎት ያልፋል። ይህ ድምር ውሸት አይደለም። ነገር ግን ማንግሮቭ ደንን፣ የጨው ሜዳን፣ የአሸዋ ክምርን፣ ተራራንና የከተማ መናፈሻን በአንድ ጆንያ ከቶ የሚመዝን ድምር ስለ አንዳቸውም አያስረዳም።

ከሁሉ በፊት የአል ወስባን ነገር እንይ። ከአቡ ዳቢ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ረግረግ በከፊል ሰው የፈጠረው ነው። ከተማዋ አጣርታ የምትለቅቀው ውኃ ወደ ተፈጥሯዊው ጨዋማ ዝቅታ እየገባ ሐይቅ ሆነ፤ በሐይቁ ውስጥ አርቴሚያ የሚባለው ጥቃቅን የጨው ውኃ ፍጥረት ተራባ፤ አርቴሚያውን ፍለጋ ፍላሚንጎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍላሚንጎዎቹ እንቁላል ጥለው ጫጩት ሲፈለፍሉ ሼይኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን (አላህ ይዘንላቸው) ቦታው ጥብቅ ሥፍራ እንዲሆን አዘዙ። በ2013 በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች ተርታ ተሰለፈ፤ በ2018 ደግሞ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አረንጓዴ መዝገብ ላይ ሰፈረ። አምስት ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ስፍራ ላይ ከ250 የማያንሱ የወፍ ዝርያዎች መታየታቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም።

ሆኖም አል ወስባ ለቆጠራ ምቹ መሆኑ ራሱ ወጥመድ አለው። ፍላሚንጎ ረጅም ነው፣ ቀለሙ ከሩቅ ይጠራል፣ በጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተሰብስቦ ይቆማል። ባለሙያው መቶ ወፎችን አንድ በአንድ ቆጥሮ ያ መቶ በመነጽሩ ውስጥ የሚይዘውን ስፋት በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ ያንን ስፋት በመንጋው ላይ እየደረደረ ይገምታል። በድሮን ፎቶግራፍ አንስቶ በኮምፒውተር መቁጠርም ይቻላል። ሥራው በአንድ ማለዳ ያልቃል፤ ውጤቱም ያምራል። በየዓመቱ ዜና የሚሆነውም እርሱ ነው። የሚረሳው ነገር ፍላሚንጎ እዚህ የበዛው ሌላ ቦታ ስለተመቸው ይሁን ወይም ሌላ ቦታ ስላጣ፣ የአንድ ሐይቅ ቁጥር ብቻውን ሊናገር አለመቻሉ ነው። ለዚህ ነው በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር፣ በብዙ አገሮች በተቀራረበ ጊዜ የሚካሄደው። ዛሬ በአንዱ ዳርቻ የታየ መንጋ ነገ በሌላው ዳርቻ በድጋሚ እንዳይቆጠር፣ በአንዱ የጠፋውም በሌላው እንዲፈለግ ነው።

ከሐይቁ ወደ ባሕሩ ሲኬድ ዘዴው ይለወጣል። በ2016 በራምሳር መዝገብ የገባው ቡል ስያይፍ የተባለው የባሕር ጥብቅ ሥፍራና በዙሪያው ያሉት ጭቃማ ሜዳዎች ማዕበሉ ሲሸሽ ለብዙ ኪሎ ሜትሮች ባዶ ይሆናሉ። ትንንሾቹ የዳርቻ ወፎች በዚያ ስፋት ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ይበተናሉ፤ በዚያ ሰዓት የሚቆጥር ሰው ግማሹን አያይም። ውኃው ሞልቶ ሜዳውን ሲሸፍን ግን ወፎቹ በቀሩት ደረቅ ጉብታዎች ላይ ይታጨቃሉ። ስለዚህ ቆጣሪው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በማዕበል ሰዓት ይመራል። ማንግሮቭ ውስጥ ደግሞ ዓይን አያገለግልም፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ወፏን የሚያገኛት ጆሮ ነው። ንጋት ላይ በአንድ ነጥብ ላይ ቆሞ ለተወሰኑ ደቂቃዎች የሰማውን ድምፅ መመዝገብ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ነጥብ መሄድ ነው ሥራው።

በደሴቶቹ ላይ የሚቆጠረው ጎጆ ነው። የሶኮትራ ኮርሞራንት የሚባለው ጥቁር ዓሣ አጥማጅ ወፍ በዓለም ላይ የሚራባው በዚህ ባሕረ ሰላጤና በደቡብ ምሥራቃዊው የዓረብ ልሳነ ምድር ዳርቻ ብቻ ነው፤ ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከልም ተመድቧል። በሺዎች ሆኖ መሬት ላይ ስለሚሰፍር ሰው ወደ መካከሉ ቢገባ ወላጆቹ ይበረግጋሉ፣ እንቁላሉም ለፀሐይና ለሌላ ወፍ ይጋለጣል። በአቡ አል አብየድ ደሴት የሚራባው ሸርጣን በል ወፍ የባሰ ያስቸግራል። አሸዋ ቆፍሮ ከመሬት በታች ባለ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ነጭ እንቁላል ይጥላል። ጉድጓዱን መቁጠር ይቻላል፤ ባለቤት ያለውና የተተወው ግን ከላይ አንድ ናቸው። ቆጠራው የሚቆጠረውን ሊጎዳ የሚችልበት ሥራ ስለሆነ የፈቃድና የጥንቃቄ ጥያቄ አብሮት ይመጣል። ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ስትንበጫበጭ ያዩት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው በሐዲስ መዛግብት የታወቀ ነው። ይህ ሐዲስ በወፍ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ለጌጥ የሚጠቀስ ብቻ ሳይሆን መነጽር ለያዘው ባለሙያም የሥነ ምግባር ወሰን ነው።

ትልቁ ችግር ያለው ግን ማንም ፎቶግራፍ በማያነሳበት ምድር ነው። ከአል ዘፍራ የአሸዋ ክምሮች እስከ አል ዐይን ዙሪያ ባሉት ጠጠራማ ሜዳዎች አንድ ባለሙያ ሙሉ ማለዳ በተወሰነ መስመር ላይ በእግር ወይም በዝግታ በመኪና ተጉዞ አምስት ወፍ ላያይ ይችላል። ያያትን ወፍ ከመስመሩ ስንት ሜትር ርቃ እንዳያት ይመዘግባል፤ ምክንያቱም ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሳይታይ የሚያልፈው ይበዛል፣ ያልታየውን መጠን ለማስላት የሚያስችለውም ይኸው የርቀት መዝገብ ነው። በአሸዋ ቀለም የተሸሸገችው ፈጣን ሯጭ ወፍ፣ ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ ወጥታ እያፏጨች የምትወርደው የበረሃ ዘማሪ፣ እነዚህ በመቶ ሺህ አይቆጠሩም፤ ድሮም አይቆጠሩም ነበር። ስለዚህ ከአምስት ወደ ሦስት ሲወርዱ ማንም ልብ አይልም። ሜዳው በብዙ ግመልና ፍየል ሲጋጥ፣ ከመንገድ ውጭ በሚነዱ መኪኖች ጎማ ሲታረስ፣ አጥርና ግንባታ ሲቆራርጠው የመጀመሪያዎቹ ተሰናባቾች እነርሱ ናቸው። በድምሩ ላይ ግን ሦስት ወፍ መጉደሉ ምንም አይደለም፤ አል ወስባ ላይ አንድ የፍላሚንጎ መንጋ ካረፈ ድምሩ እንዲያውም አድጎ ይታያል።

ሁባራም በዚሁ ሜዳ ታሪክ ውስጥ ናት። የጭልፊት አደን ባህል ባለበት አገር ሁባራ እየተመናመነች መሄዷን ሼይኽ ዛይድ ቀድመው ተገንዝበው ነበር። በ1976 በአቡ ዳቢ ስለ ጭልፊት አደንና ጥበቃ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ፤ በአል ዐይን መካነ እንስሳት የተጀመረው የማርባት ሥራ በ1982 የመጀመሪያዋን ጫጩት አስገኘ፤ በ1989 በሱወይሓን የብሔራዊ የአእዋፍ ምርምር ማዕከል ተቋቋመ፤ በ2006 ደግሞ ዓለም አቀፍ የሁባራ ጥበቃ ፈንድ ተመሠረተ። እስካሁን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሁባራዎች ተራብተዋል። አዳኝ የነበረ ሕዝብ የሚያድነውን እንስሳ ለማትረፍ ይህን ያህል ዓመትና ገንዘብ ማውጣቱ በሌላው ዓለም ብዙ አይገኝም። ይሁን እንጂ በሜዳው ላይ የታየች አንዲት ሁባራ በዱር የተፈለፈለች ትሁን ወይስ ባለፈው ወቅት ከጎጆ የተለቀቀች፣ ቀለበት ወይም መከታተያ ካልታየባት በመነጽር መለየት አይቻልም። ሁለቱ በአንድ አምድ ሲደመሩ ሜዳው ራሱ ሁባራን ማኖር መቻል አለመቻሉ ይሰወራል። የሚለቀቀው ቁጥርና በዱር የሚፈለፈለው ቁጥር ተነጣጥለው ሊቀርቡ ይገባል።

አል ዐይን ከሁሉ የተወሳሰበ ጉዳይ ናት። በአንድ ከተማ ውስጥ አራት ዓለሞች ጎን ለጎን አሉ። በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የተምር ዛፍ እርሻዎች በጥንታዊው የፈለጅ ቦይ ይጠጣሉ፤ በጥላቸው ሥር እርግብና ዋኖስ፣ ሰማያዊ ክንፍ ያለው የሕንድ ሮለር፣ አበባ የምትጠጣው ትንሿ ወፍ ይኖራሉ። በከተማዋ ዳር ከሰው ግልጋሎት የተረፈ ውኃ ተጠራቅሞ የተፈጠረው የዛኺር ሐይቅ የሚንሳፈፉና የሚዋኙ ወፎችን በበረሃ መካከል ሰብስቧል። ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጀበል ሐፊት በገደሎቹ ላይ ዐረቦች ረኸማ የሚሉትን ነጩን የግብፅ ጥንብ አንሳ ሲያስጠልል ኖሯል። ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ መናፈሻው፣ የመንገድ ዳር ሣሩና የቪላው ግቢ አለ፤ ሁድሁድ በብዛት የሚታየውም በዚሁ ውኃ በሚጠጣ ሣር ላይ ምንቃሩን እየተከለ ነው።

አረንጓዴዋ ከተማ ወፍ አብዝታለች መባሉ እውነት ነው። የትኛውን ወፍ እንዳበዛች ግን መጠየቅ አለበት። ከሕንድ ክፍለ አህጉር በመርከብና በጎጆ ንግድ የመጡት ማይና፣ የቤት ቁራና በቀቀን ሰው በሰፈረበት ሁሉ ይራባሉ። የሌላውን ጎጆ ይቀማሉ፣ እንቁላል ይበላሉ። አንድ ቆጣሪ በአል ዐይን መናፈሻ ውስጥ በአንድ ሰዓት ሁለት መቶ ወፍ ቢመዘግብና ከሁለት መቶው አብዛኛው ማይና ቢሆን፣ ከጀበል ሐፊት ሥር አሥራ ሁለት ወፍ ከመዘገበው ባልደረባው የተሻለ ዜና አላመጣም። ይህን ለማየት የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱን ቅጾች ሳይደምሩ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ በቂ ነው።

የዛኺርም ሆነ የአል ወስባ ነገር አንድ ተጨማሪ ሐቅ ያሳያል። የእነዚህ ሐይቆች ዕጣ የሚወሰነው በውኃ ክፍል ጽሕፈት ቤት ነው። ነገ የተጣራው ውኃ ሁሉ ለመስኖ ይዋል ቢባል፣ ይህም በውኃ እጥረት በሚቸገር አገር ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፣ ሐይቁ ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ወፎቹን የሚቀበል የተፈጥሮ ምድር ተርፎ መገኘቱን የሚያሳየው ከዛሬ ጀምሮ በባዶው ሜዳና በዳርቻው ላይ የሚሠራው አሰልቺ ቆጠራ ነው።

አሰልቺ ቆጠራ ምን እንደሚያተርፍ የሕንድ ጥንብ አንሳዎች ታሪክ ያስረዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች በሕንድ መንገዶች ላይ እየተጓዙ አዳኝ ወፎችን ቆጥረው ነበር። ያኔ ጥንብ አንሳ በጣም ከመብዛቱ የተነሳ መቁጠሩ ትርፍ ሥራ ይመስል ነበር። በ2000 ያንኑ መንገድ በዚያው ዘዴ ሲደግሙት አብዛኞቹ እንደሌሉ ታወቀ። ምክንያቱ ለከብት ሕክምና የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑ በ2004 ተረጋገጠ፤ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለእንስሳት እንዳይሰጥ አገዱ። የመጀመሪያው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር?

ጉዳዩ እዚህ ላይ ከባሕረ ሰላጤው አልፎ አማርኛ ተናጋሪውን ሙስሊም አንባቢ በቀጥታ ይመለከታል። በአቡ ዳቢ ምዕራባዊ ደሴቶች ላይ ጥቂት ጥንዶች ብቻ የቀሩት ጥላሸታማው ጭልፊት በበጋው ሙቀት እዚህ ይራባል፤ ክረምቱን ማዳጋስካር ያሳልፋል። በ2008 የአቡ ዳቢ ባለሙያዎች በአንድ ወጣት ጭልፊት ጀርባ ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው ስሙን በታላቁ ተጓዥ በኢብን ባጡጣ ሰየሙት። ጭልፊቱ ሳዑዲ ዓረቢያን አቋርጦ፣ በኢትዮጵያና በኬንያ ሰማይ አልፎ ማዳጋስካር ደረሰ። ከሐበሻ ምድር ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሥራ የመጣ ሰው በቪዛና በትኬት የሚሻገረውን ባሕር ይህ ወፍ በየዓመቱ ያለ ማኅተም ይመላለስበታል።

የግብፅ ጥንብ አንሳም እንደዚሁ ነው። ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡት ብዙዎቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት በአፋር ቆላ ነው። በዚያ በመንደርና በመንገድ ዳር በተተከሉ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ አርፈው የሚሞቱ መኖራቸው ተመዝግቧል። በጀበል ሐፊት ገደል ላይ አንዲት ረኸማ ብትጠፋ ምክንያቱ አል ዐይን ውስጥ ላይገኝ ይችላል። በሶሪያ ፓልሚራ አቅራቢያ በ2002 እንደገና የተገኘው የመላጣው አይቢስ ትንሽ መንጋ ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። ወፎቹ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ አይታወቅም ነበር። በ2006 መከታተያ ሲታሰርባቸው በየመን በኩል ተሻግረው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ አረፉ። አገራቸው ሶሪያ፣ የክረምት ቤታቸው የደጋው ገበሬ ማሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መንጋው እየሳሳ ሄዶ ከፓልሚራ ጠፋ። የደጋው ገበሬ ግን ማሳው ላይ የቆመው ጥቁር ወፍ ከየት እንደመጣና ስንት እንደቀረው የነገረው ሰው አልነበረም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሉ፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም ከ1966 ጀምሮ በአቅሙ ሠርቷል። ነገር ግን መንግሥትና ገበሬ ከልብ የሚቆጥሩት ወፍ አንድ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እርሱም ግሪሳ ነው። ማሽላ ስለሚበላ አውሮፕላን ይነሳበታል፣ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ይጠራበታል። ለግሪሳ የሚረጨው ኬሚካል ግሪሳውን የሚበሉ ጭልፊቶችንም እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ እነርሱን ግን ማንም አይቆጥርም። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የሻላ ፔሊካኖች ጎጆአቸውን በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ሠርተው ዓሣ የሚያጠምዱት በጎረቤቱ አብያታ ነበር። የአብያታ ውኃ በመስኖና በሶዳ አሽ ምርት ሳቢያ ሲሸሽና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፤ ሻላ ሳይነካ የሻላ ፔሊካኖች ተሰደዱ። አንድ ወፍ ሁለት ምኅዳር እንደሚያስፈልገው፣ አንዱን ብቻ የቆጠረ ሰውም ምክንያቱን እንደማያገኝ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ሰው በሚራብበትና በሚሰደድበት ዘመን ስለ ወፍ ቆጠራ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ከቅን ልብ ሊመነጭ ይችላል፤ ግን ወፏን ከሰው ነጥሎ ያያል። ከሚሴ አጠገብ በቦርከና ወንዝ ዳር ያለው የጨፋ ረግረግ በድርቅ ወቅት የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን የሚያተርፉበት ሣር ነው፤ ስደተኛ ወፎች የሚያርፉትም እዚያው ላይ ነው። ረግረጉ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚቀሩት ወፎቹ ናቸው፤ ከብቱ ቀጥሎ፣ ባለቤቱም ተከትሎ ይሰደዳል። በእስልምና ታሪክ የታወቀው ሒማ፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚከለል የግጦሽ ምድር፣ ይህን ትስስር የተረዳ ሥርዓት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና አቅራቢያ አን-ነቂዕን ለፈረሶች ሲከልሉ የሣሩን ልክ የሚያውቅና የሚጠብቅ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው። የማይለካ አደራ አይጠበቅም።

ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ ወይም ከአርሲ ገጠር መጥቶ ዛሬ በአል ዐይን እርሻ ውስጥ የሚሠራ ወይም በአቡ ዳቢ የጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ልጅነቱን ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ ሲጠብቅ ያሳለፈ ነው። የትኛው ወፍ በመንጋ፣ የትኛው ለብቻው እንደሚመጣ፣ የቱ በንጋት የቱ በምሽት እንደሚጮህ ያንን ማማ ያውቃል። አዲስ አበባ ቄራ ዙሪያ ያደገውም ጥንብ አንሳን በክበቡ ስፋት ይለያል፤ ከእነዚያ ጥንብ አንሳዎች መካከል ብዙዎቹ በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ መመደባቸውን ግን የነገረው ላይኖር ይችላል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም የቆጠራ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ ምክንያቱ ቅጹ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ መሆኑ ብቻ አይደለም። የእርሻ ሠራተኛ የሚያየውን ለመጠየቅ ያሰበ ስለሌለ ነው። ንጋት ላይ ከማንም ቀድሞ በተምር ዛፍ ሥር የሚቆመው፣ በእያንዳንዱ ቀን በዚያው ቦታ የሚገኘው እርሱ ሆኖ ሳለ። በስዕል የተደገፈ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የተጻፈ አንድ ገጽ ዝርዝር ማዘጋጀት ውድ ሥራ አይደለም።

ለመንግሥታቱም የሚቀር ሥራ አለ። በአፍሪካና በዩራሲያ መካከል የሚመላለሱ አዳኝ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረሰው የመግባቢያ ሰነድ በ2008 የተፈረመው በአቡ ዳቢ ነው፤ የሥራ ጽሕፈት ቤቱም በዚችው ከተማ ተስተናግዷል። በጥቅምት 2025 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጉባኤ የተካሄደውም እዚሁ ነው። ስለዚህ የአፋር ቆላ፣ የጨፋና የአብያታ ቆጠራ ከአል ዘፍራ ደሴቶችና ከጀበል ሐፊት ቆጠራ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን እንዲነበብ የሚያስችል መድረክ አለ። ሁለቱ አገሮች ስለ ንግድና ስለ ሠራተኛ ስምምነት ሲነጋገሩ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ማከል አይከብድም። አቡ ዳቢ መከታተያውን፣ ድሮኑንና ልምዱን አላት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ወፎቹ የሚያልፉበትንና የሚከርሙበትን ምድር። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚደረግ ቀላል መሸፈኛ በአፋር ከተገጠመ በባሕረ ሰላጤው ቆጠራ ላይ ውጤቱ ሊታይ ይችላል፤ ይህን ለማረጋገጥ ግን ሁለቱም ወገን በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዘዴ መቁጠር አለባቸው።

የሚቀጥለው የጥር ቆጠራ ሲታቀድ ከአል ወስባ በፊት የአል ዘፍራ ጠጠራማ ሜዳና የአል ዐይን ዳርቻዎች በቅጹ ራስ ላይ ቢሰፍሩ፣ ውጤቱም በእያንዳንዱ ምኅዳር ተለይቶ ቢታተም፣ ሙሉ ማለዳ ተጉዞ ምንም ሳያይ የተመለሰው ባለሙያ ያመጣው ባዶ ቅጽም ከሌሎቹ ጋር ቢወጣ፣ ከየትኛው ሜዳ ማን እንደጎደለ አንባቢው ራሱ ያየዋል።